የዎርዚንግተን የይቅርታ መልመጃ ደብተር፣ ሆደ ባሻ በሆነ ሰው እጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ሪቪው ለመፃፍ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ይቅርታ የሆነ ነገር ሰርቼ በሳምንቱ ቀለለኝ ብዬ ብፅፍና ከወር በኋላ ንዴቱ ቢመለስብኝ ሰው ማሳሳት ነው የሚሆንብኝ። አሁን ቆይቼበታለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ።

የማወራው ስለ አንድ የይቅርታ መልመጃ ደብተር ነው። ፒዲኤፍ ነው፣ ከኢንተርኔት በነፃ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ያዘጋጀው ኤቨረት ዎርዚንግተን የሚባል አሜሪካዊ የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰር ነው፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን ያስተማረ። ዘዴው ሪች ይባላል፣ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ እያንዳንዱ ፊደል አንድ እርምጃ ነው። የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ በቴሌግራም፣ «እትዬ ይሄን ነገር ስሪው፣ እየጎዳሽ ነው» ብላ። ስልክ ላይ መሙላት ስለማይሆንልኝ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደረኩትና አስጠረዝኩት፣ በእስክሪብቶ ካልፃፍኩ ነገር አይገባኝም።

ሰውዬው ዝም ብሎ ከመፅሐፍ የሚያወራ አይደለም። ይቅርታን ማጥናት ከጀመረ ዓመታት ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 መግቢያ፣ በአዲስ ዓመት ሌሊት፣ ቴነሲ ኖክስቪል ውስጥ እናቱን ቤታቸው ሰብሮ የገባ ሰው ገደላቸው። መጀመሪያ የተሰማው ገዳዩን በገዛ እጁ የመግደል ፍላጎት እንደነበር ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ያስተምር የነበረውን ነገር ከዛ ሌሊት በኋላ ራሱ ላይ ሊሰራው ግድ ሆነበት። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው ደብተሩን በደንብ የያዝኩት፣ «ይቅር በይ» የሚለኝ ሰው ምንም ያልደረሰበት ቢሆን አልሰማውም ነበር።

አሁን የኔን ነገር ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የምለው አይገባችሁም። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። 30 ሆነን በሳምንት 5,000 ብር የምንጥልበት እቁብ ነበረን፣ እጣው 150,000 ማለት ነው። የቅርብ ጓደኛዬን እቁቡ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ዋስ ሆኜ የፈረምኩላትም እኔው። በአራተኛው ሳምንት ለሷ ወጣላት፣ ከሷ በላይ እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ። እስከ 11ኛው ሳምንት ጣለች። 12ኛው ሳምንት ላይ ስልኳ ዝግ ሆነ፣ ቤቷ ብሄድ ተከራይታው የነበረውን ለቃለች። የእቁቡ ዳኛ ሱቄ ድረስ መጥተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ምን ይደረግ፣ ፈርመሻል» አሉኝ። የቀረው 19 ሳምንት ነው፣ 95,000 ብር። ያንን ሁሉ ሳምንት 10,000 እየጣልኩ ጨረስኩት፣ አምስቱን የራሴን አምስቱን የሷን፣ የልጄን ትምህርት ቤት ክፍያ ከወንድሜ ተበድሬ።

ገንዘቡ ግን አይደለም ያቃጠለኝ። ልጄ በሳምባ ምች ሆስፒታል የገባች ጊዜ ሦስት ሌሊት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ አብራኝ ያደረች ሰው ናት እኮ። እሷ ናት እንዲህ ያደረገችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ነገር ሳብሰለስለው ኖሬያለሁ፣ ቡና ሳፈላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳይቀር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይለያል፣ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው ያለው። ይቅርታ ሁለት ነው ይላል። አንዱ የውሳኔ ይቅርታ ነው፣ አልበቀልም፣ ክፉ አላደርግባትም፣ እንደ ሰው አያታለሁ ብሎ መወሰን። ሁለተኛው የስሜት ይቅርታ ነው፣ ውስጥ ያለው ንዴትና ምሬት ቀስ በቀስ በሌላ ስሜት መተካት። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኔ «ይቅር ብዬአታለሁ» ካልኩ በኋላ ስሟ ሲነሳ ፊቴ ሲግል ራሴን አስመሳይ ነሽ እለው ነበር። አስመሳይ አልነበርኩም፣ አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውን አልጀመርኩትም ነበር።

ከዛ የመጀመሪያው እርምጃ ማስታወስ ነው። የተደረገብሽን ፃፊ፣ ግን ሰውየውን ሰይጣን ሳታደርጊ፣ ራስሽን በማዘን ሳታሰምጪ፣ እንደሆነው አድርገሽ ፃፊ ይላል። እኔ እዚህ ላይ ወደቅኩ። አራት ገፅ ፃፍኩ፣ ስለ እቁቡ ጀምሬ ስለ ሆነ የልደት ቀን፣ ስለ ተበደረችኝ ጃኬት፣ ከአምስት ዓመት በፊት ስለተናገረችው አንድ ቃል ፅፌ ጨረስኩት፣ ሲነጋ አይኔ አብጦ ነበር። ሦስት ቀን ደብተሩን አልነካሁትም። የደብተሩ ደካማ ጎን ብዬ የምቆጥረው ይሄን ነው፣ እንደኔ አይነት ሰው እዚህ እርምጃ ላይ ብቻውን መተው የለበትም። በአራተኛው ቀን ለራሴ ሕግ አወጣሁ፣ ግማሽ ገፅ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከዛ መዝጋት። እንደዛ ሲሆን ሄደልኝ።

እህቴ ግን በአንድ ምሽት ነው የጨረሰችው። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል የሚለው ለሷ ልክ መጣ፣ እኔ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። የሷም በደል ቀላል አይደለም፣ መስሪያ ቤቷ ውስጥ ስሟን ያጠፋች ባልደረባ ነበረቻት፣ እድገት አስቀርታባታለች። ግን እህቴ ፅፋ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ተኛች። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ አንድ ወጥ ነው የበላነው፣ ታዲያ ለምን እንዲህ ተለያየን ብዬ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት።

እና እየውላችሁ፣ አማርኛችን ይሄን ከጥናቱ በፊት ለይቶ ስም ሰጥቶታል። ሆደ ሰፊ አለ፣ ሆደ ባሻ አለ፣ ቂመኛ አለ፣ ቻይ አለ። የሳይኮሎጂ ሰዎች ባህሪን በአምስት ትላልቅ መለኪያ ይለኩታል፣ ቢግ ፋይቭ የሚባለው፣ ከአምስቱ ውስጥ ከይቅርታ ጋር በተደጋጋሚ ተያይዘው የሚገኙት በተለይ ሁለት ናቸው። አንዱ ከሰው ጋር የመስማማት ባህሪ ነው፣ እሱ ከፍ ያለበት ሰው ይቅር ማለት ይቀለዋል፣ እኛ ሆደ ሰፊ የምንለው ማለት ነው። ሌላው ቶሎ የመከፋት፣ የመጨነቅና የመረበሽ ባህሪ ነው፣ እሱ ከፍ ያለበት ሰው ይከብደዋል፣ ያ ሆደ ባሻው ነው፣ ያ እኔ ነኝ። ከሆደ ባሻነት ወደ ቂም የሚወስደው መንገድ ደግሞ ማብሰልሰል ነው፣ ነገሩን በጭንቅላት ደጋግሞ ማመንዠክ፣ አንዴ የተበደለ ሰው መቶ ጊዜ ይበደላል እንደማለት። ቂመኛ ተብዬ ነው ያደኩት፣ ቤት ውስጥ ቅፅል ስሜ ሊሆን ምንም አልቀረው ነበር። ቂም መያዝ ወድጄ እንዳልሆነ፣ ቁስሉ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ማብሰልሰሉ መሆኑን በ38 ዓመቴ ነው የሰማሁት፣ ስሰማው አለቀስኩ።

ሁለታችንም ሀርትላንድ የሚባለውን የይቅርታ መለኪያም ሞልተናል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ 18 ጥያቄ ያለው ነው፣ ስድስቱ ለራስ ይቅርታ ስለማድረግ፣ ስድስቱ ለሌላ ሰው፣ ስድስቱ ደግሞ ማንም ጥፋተኛ ላልሆነበት ሁኔታ፣ እንደ በሽታና አደጋ ላለ። ለኔ ያልጠበኩት ነገር ወጣ። ለሌላ ሰው ያለኝ ዝቅ ይላል ብዬ ነበር፣ ከሱም በታች የወረደው ለራሴ ያለኝ ሆነ። ዋስ ሆነሽ ለምን ፈረምሽ፣ እንዴት አላየሽም፣ ሞኝ ነሽ፣ ለካ አራት ዓመት ሙሉ ከሷ ጋር ብቻ አልነበረም የተጣላሁት።

ባህሪ ብቻ ነው ብዬ ደሞ አልተውኩትም፣ ምክንያቱም አስተዳደጋችንም ይለያያል። እህቴ እስከ ሰባት ዓመቷ ደብረ ብርሃን አያታችን ጋ ነው ያደገችው። አያታችን ቤት ፀብ አያድርም ነበር። የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ «ባውቅም ባላውቅም ይቅር በሉኝ» ሲሉ እህቴ ቀሚሳቸውን ይዛ ተከትላ ትዞር ነበር። ሽማግሌዎች አጥር ላይ ያለች የዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ፣ የተጣሉት ተነስተው ሲሳሳሙ፣ ያንን በዓይኗ እያየች ነው ያደገችው። ለሷ ፀብ መጨረሻ አለው፣ መጨረሻውም ምን እንደሚመስል አይታለች።

እኔ አዲስ አበባ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ነኝ ያደኩት። አባዬ ነፍሱን ይማረውና እጁን አንስቶ አያውቅም፣ ግን ያኮርፍ ነበር። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዴ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ። ትሪ ላይ እኔ ነኝ መሀላቸው የምቀመጠው። «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው»፣ «እናትሽን አልራበኝም በያት»፣ ሁለት እርምጃ የማይሞላ ክፍል ውስጥ ቃል እያመላለስኩ ነው ያደኩት። ከዛ የሆነ ቀን ኩርፊያው ዝም ብሎ ያበቃል፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም ይቅር አላለም፣ ነገሩ ምንጣፍ ስር ተገፍቶ ሕይወት ይቀጥላል። እኔ ፀብ እንዴት እንደሚያልቅ አይቼ አላውቅም። ይሄን ደብተሩ አይነግራችሁም፣ ስለ አስተዳደግ ብዙ አይጠይቅም፣ ግን ለሚሞላው ሰው አንድ ገፅ ጨምሮ «ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ፀብ እንዴት ነበር የሚያልቀው» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይከፍት ነበር ብዬ አምናለሁ።

እማዬን ደሞ ልንገራችሁ፣ ሰፈር ሁሉ «እንዴት ያለች ቻይ» ይላታል። ቻይ ናት እውነት ነው። ግን ቻይና ይቅር ባይ አንድ አይደሉም። ቻይ የሆነ ሰው መልስ አይሰጥም፣ አይበቀልም፣ በውስጡ ግን ይዞት ይኖራል። በደብተሩ አባባል የውሳኔውን አድርጋለች፣ የስሜቱ ግን ጋ አልደረሰችም፣ ማንም ደርሰሻል ወይ ብሎ ጠይቋትም አያውቅም። በአማካይ ሴቶች ከወንዶች ትንሽ ይበልጥ ይቅር ባይ ናቸው፣ ሰውም እድሜው ሲገፋ ይቅር ማለት ይቀለዋል የሚል ጥናት አለ፣ እማዬን ሳይ ግን ምን ያህሉ ይቅርታ ነው ምን ያህሉ መቻል ነው ብዬ አስባለሁ።

ሃይማኖት ላይም አንድ ነገር ገርሞኛል። ዎርዚንግተንና ማይክል ማክለህ የሚባል ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደፃፉት ሃይማኖተኛ ሰዎች በጥቅሉ ይቅር ባይ ነህ ወይ ሲባሉ አዎ የማለት ዝንባሌያቸው ከፍ ይላል፣ እገሌ ስላደረገብህ ስለዛች አንዷ ነገርስ ሲባል ግን ልዩነቱ በጣም ይቀንሳል። ይሄ እኔን ነው የገለፀው። ሰባ ጊዜ ሰባት የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ቂም ይዞ ፀሎት ሳል ይዞ ስርቆት ብዬ ለሰው እመክራለሁ፣ ስሟ ሲነሳ ግን ያው እኔው ነኝ። ከሱቄ አጠገብ ሻርፕ የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤቴ ዘንድሮ ሐጅ ልትሄድ ስትል ሱቅ ለሱቅ እየዞረች «አውፍ በሉኝ» ስትል አቅፌ አውፍ ብዬሻለሁ አልኳት፣ ምንም ያላደረገችኝን ሰው ማለት ነው፣ እሱማ ቀላል ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በበዳዩ ቦታ ሆኖ ማየት ነው፣ ደብተሩ ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳን ለዚህ አንድ መልመጃ ብቻ ስሩት እላለሁ። ሁለት ወንበር ታስቀምጣላችሁ። አንዱ ላይ ተቀምጣችሁ ባዶው ላይ በዳዩ እንዳለ አድርጋችሁ የልባችሁን ትናገራላችሁ። ከዛ ትነሱና ባዶው ላይ ተቀምጣችሁ በሱ አፍ ትመልሳላችሁ። እኔ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ሰራሁት። የሷ በርጩማ አሁንም ሲንጀሩ አጠገብ ነው ያለው፣ ቡና ስንጠጣ የምትቀመጥበት፣ አንድ እግሩ ትንሽ ያጠረ። ዙሪያውን ቀሚስ ተሰቅሏል፣ ጥበቡ በአምፖሉ ያብለጨልጫል፣ እኔ በርጩማ እያናገርኩ ነው። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዛ ጮህኩ፣ ብዙ ነገር አልኳት። ከዛ ተነስቼ የሷ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

እዛ ላይ ስቀመጥ በርጩማው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሁሌ እጇን ማሽኑ ላይ የምትደግፈው ለዚህ ነው ለካ፣ እኔም እጄን ማሽኑ ላይ አደረኩና ያን ጊዜ 11ኛው ሳምንት ትዝ አለኝ። ያን ቀን 3,000 ብር ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። «ሁለቱን ሙይልኝ» አለችኝ። ሞላሁላት። ከዛ አልሄደችም፣ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለችኝ። ደንበኛ ገባ፣ የሰርግ ልብስ ፈላጊዎች፣ አምስት ሆነው። «ነገ ነይና እናወራለን» አልኳት። ነገ አልመጣችም። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ረስቼው ነበር፣ ወይም ላስታውሰው አልፈለኩም። ምን ልትነግረኝ እንደነበር አላውቅም፣ ያደረገችውንም ልክ አያደርገውም፣ ደብተሩም ልክ ነው በይ አይልም፣ ይቅር ማለት ጥፋቱን ጥፋት አይደለም ማለት እንዳልሆነ ደጋግሞ ይናገራል። ግን ከዛ ማታ ጀምሮ የማስታውሳት ሴት እቁብ በልታ የሳቀችብኝ ሳትሆን የነጠላዋን ጫፍ የምትጠቀልለው ናት።

ሦስተኛው ይቅርታን እንደ ስጦታ መስጠት ነው፣ ለመስጠት ደግሞ መጀመሪያ ራስሽ ይቅር የተባልሽበትን ቀን አስታውሺ ይላል። የለኝም ብዬ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ነው የመጣልኝ። አንዲት ልጅ የሞተች እናቷን ነጠላ አምጥታ ጥለቱን ለመልሷ ቀሚስ አንገትና ጠርዝ አድርጉልኝ አለች። በደንብ ሳልለካ ለሰፊው ሰጠሁት፣ እሱም በሰጠሁት ልክ ቆረጠው፣ ለአንገቱ ብቻ በቃ፣ የተረፈው ቁርጥራጭ ሆነ። የማይገዛ ነገር ነው እኮ፣ የእናቷ ነው። ስነግራት ጥለቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ረጅም ሰዓት አየችው፣ ከዛ ቁርጥራጩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «የሰው እጅ ነው፣ ይሁን» አለችኝ። ሂሳቧን ከፍላ ሄደች። በዓመቷ ለልጇ ክርስትና ልብስ ልትገዛ እኔው ጋ መጣች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እዚህ ጋ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ እውነትም ረስቼው ነበር።

አራተኛው መወሰን ነው፣ ይቅር ማለትሽን በፅሁፍ አስፍረሽ ቀን አድርገሽ ፈርሚ ይላል። አምስተኛው ያንን ይቅርታ መያዝ ነው፣ ንዴቱ ሲመለስ ይቅርታዬ ሀሰት ነበር ሳይሉ የፈረሙትን አውጥቶ ማየት። ሁለቱ አጭር ናቸው፣ ብዙ የምለው የለኝም፣ ወረቀቴ የገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ከእቁቡ የዋስትና ወረቀት ላይ ተደርቦ አለ፣ ሦስቴ አውጥቼ አይቼዋለሁ።

አሁን የጎደለውን ልናገር። ይሄ ደብተር ሰውን ብቻውን ቁጭ አድርጎ ነው የሚያሰራው። እኛ ጋ እርቅ የብቻ ስራ አይደለም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይሰማል፣ ያጠፋው ይገሰፃል፣ ካሳ ካለ ይቆረጣል፣ ድሮ እንደውም ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ እግር ስር ይወድቅ ነበር። ደብተሩ ይቅር ማለትና መታረቅ የተለያዩ ናቸው፣ ሳትታረቂም ይቅር ማለት ትችያለሽ ይላል፣ ይሄ ለማይገኝ ወይም ለሞተ በዳይ ትልቅ እረፍት ነው። ነገር ግን እዚህ ከበደለሽ ሰው ጋ ነገ ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ውስጥ ትቀመጫለሽ፣ ምን ትያታለሽ የሚለውን አያስተምርም። ይቅርታ መጠየቅም ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትልቅ ስራ ወጥቶ ነበር፣ ከሰውየው ተፈጥሮ ይልቅ የሁኔታው ነገር፣ ሆን ብሎ ነው ወይ፣ ይቅርታ ጠይቋል ወይ፣ ተበዳዩ ለበዳዩ ማዘን ችሏል ወይ፣ እነዚህ ከይቅርታ ጋር ያላቸው ግንኙነት የበለጠ ጠንካራ ሆኖ ነው የተገኘው። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ትከሻዬ የቀለለው። ቂመኛ ሆኜ ተፈጥሬ ከሆነ ምን እሰራለሁ፣ ነገር ግን ከተፈጥሮዬ በላይ የሚመዝነው እዛ በርጩማ ላይ መቀመጤ ከሆነ እሱንማ ማድረግ እችላለሁ። እህቶቼ፣ ቂመኛ የተባላችሁ ሁሉ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደሞ አለኝ። በደሉ አሁንም እየቀጠለ ላለ ሰው፣ ቤቷ ውስጥ እየተመታች ላለች ሴት ይሄን ደብተር ልካችሁ «ይቅር በይ» እንዳትሉ፣ እባካችሁ። መጀመሪያ ከዛ ቤት ትውጣ፣ ከአደጋ ትራቅ፣ የይቅርታው ጉዳይ ከዛ በኋላ እሷ ስትፈልግ የሚመጣ ነው።

ይሰራል ወይ ለሚለው፣ የኔ አንድ ምስክርነት ብቻ አይደለም። በአምስት አገር፣ ኮሎምቢያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ዩክሬንና ደቡብ አፍሪካ፣ በ4,598 ሰው ላይ ተሞክሯል፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ግማሾቹ ደብተሩን ወዲያው ወሰዱ፣ ግማሾቹ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቁ ተደረገ፣ ወዲያው የሰሩት ይቅር አለማለታቸው ቀንሷል፣ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸውም ቀንሷል። ከአፍሪካ አንድ አገር ብቻ ነው ያለው፣ እኔ የሰራሁትም በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው በዲክሽነሪ ይወጣዋል፣ ግን ስለ ቂም በእንግሊዝኛ መፃፍ አልሆነልኝም፣ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ መልሱን በአማርኛ ነው የሞላሁት፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። አንድ የሳይኮሎጂ ሰው በደንብ ወደ አማርኛ ቢመልሰውና የሽምግልናውን ነገር ቢጨምርበት ስንት ቤት ይደርስ ነበር። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በማስታወሱ እርምጃና በብቸኝነቱ ነው። ሆደ ሰፊ ከሆናችሁ በአንድ ምሽት ስሩት፣ ሆደ ባሻ ከሆናችሁ ቀስ እያላችሁ፣ በቀን፣ የምታምኑት ሰው ስልክ ሊያነሳላችሁ በሚችልበት ሰዓት።

ጓደኛዬ ደህና ናት ብለውኛል፣ አዳማ ናት አሉ። አዲሱን ቁጥሯን ከአክስቷ አገኘሁና «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ገንዘቡን ሲኖርሽ ትመልሻለሽ፣ ያን ቀን ልትነግሪኝ የነበረውን ግን አሁንም እሰማሻለሁ» ብዬ ፃፍኩላት። አንብባዋለች፣ እስካሁን አልመለሰችም። ያን ማታ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ከእማዬ ጋር ጀምረናል። እሷ እንግሊዝኛ ስለማትችል እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ የምትለውን እኔ እፅፍላታለሁ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ አንደኛውን ጀመርን፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ አባዬ ያደረገሽን አስታውሺ ይላል» አልኳት። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «መች ረሳሁትና ነው የማስታውሰው» አለችኝ። ከዛ ብዙ ቆይታ «ፃፊ እሺ» አለች፣ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ እየነገረችኝ ፃፍኩ።